በስም መሃል የገባች ጭረት

ሲጋል የደወለችልኝ ከሥራ ስመለስ ባቡር ውስጥ ሆኜ ነው። «ገኒ፣ አባ ኒፍታር» አለችኝ፤ አባቴ ዐረፈ ማለቷ ነው። ሐሙስ ዐርፎ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ ቀብረውታል፤ በግርግሩ ለእኔ መደወል ረስተዋል። ሲጋል የጋሼ ታረቀኝ የመጨረሻ ልጅ ናት። እሷ ስታለቅስ እኔ በመስኮቱ የሚያልፈውን ሜዳ እያየሁ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ። አሽቀሎን ባቡር ጣቢያ ወረድኩ፣ መኪናዬን ካቆምኩበት አነሣሁ፣ አጋሚም ሠፈር ያለው ቤቴ ገብቼ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። ባለቤቴ ምን ሆነሻል ሲለኝ «ጋሼ ታረቀኝ ሞተ» አልኩት። ዳቦ አልቋል የምል ነበር የሚመስለው።

ምንም አልተሰማኝም። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ እውነቱ ስለሆነ ነው። በተፈጥሮዬ እንባዬ ቅርብ ነው፤ በቴሌቪዥን ለማላውቀው ሰው አለቅሳለሁ። ሥራ ያስተማረኝ፣ ዛሬ የምበላውን እንጀራ በእጄ ያስያዘኝ ሰው ሲሞት ግን ዓይኔ ደረቀ። ከሰባቱ የልቅሶ ቀን የቀሩትን ሄጄ ተቀመጥኩ፣ ከለቀስተኛው ጋር ራሴን ነቀነቅሁ፣ ተመልሼ ሥራ ገባሁ።

ሲጋል ለሽሎሺም፣ ለሠላሳ ቀኑ ማለት ነው፣ ሰው ፊት ስለ አባቷ ጥቂት እንድናገር ለመነችኝ። «አት ሃየኺዳ፤ ከአንቺ ሌላ አብሮት የሠራ ሰው የለም» አለችኝ። ተናገርኩ። ትጉህ ነበር፣ ጨዋ ነበር አልኩ፤ ሁለት ቀልዶቹን ጠቅሼ ሰው አሳቅሁ። እዚህ የምጽፈው ያን ቀን ያልተናገርኩትን ነው።

ጋሼ ታረቀኝን ያወቅሁት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዘጠና ሁለት መጨረሻ ላይ ነው። ሚግዳል በሚባለው የአሽቀሎን ሠፈር፣ ገበያው አጠገብ፣ ከአንድ ጫማ መሸጫ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ አንዲት ትንሽ ቢሮ ነበረች። ዘመዶቻቸው አዲስ አበባ የቀሩባቸው ሰዎች እየመጡ እናቴ፣ ወንድሜ፣ የእህቴ ልጅ እያሉ ያስመዘግባሉ። ቢሮዋ ዝርዝሩን አዘጋጅታ ኢየሩሳሌም ትልካለች። ስሙ ዝርዝሩ ላይ ያለ ሰው አዲስ አበባ ይጠራል፣ ይጠየቃል፣ ሲፈቀድለት ይሳፈራል። ስሙ የሌለ አይጠራም። ነገሩ ይኸው ነው።

እኔ በሱዳን በኩል በልጅነቴ የመጣሁ ነኝ። ዕብራይስጡን እዚሁ ትምህርት ቤት ስለተማርኩ በጸሐፊነት ቀጠሩኝ። ጋሼ የመጣው በዘጠና አንዱ የአውሮፕላን ጉዞ ነው፤ አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሚንስክ ተልኮ ኮምፒውተር ተምሮ፣ አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ሲሠራ የኖረ ሰው ነበር። እዚህ መጥቶ መጀመሪያ ያገኘው ሥራ ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ማሸግ ነው። ቢሮዋ ኮምፒውተር ስትገዛ አዋቂ ጠፍቶ፣ ከካርቶኑ መሃል አውጥተው አመጡት።

ነሐሴ ላይ እንኳ ከረባት ያስራል። ማሽኑ ፊት ከመቀመጡ በፊት ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ጥግ ያስቀምጣል፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ክንዴ ላይ ካለ አየዋለሁ፤ ካየሁት እቸኩላለሁ» አለኝ። በመጀመሪያው ሳምንት አንቱ ስለው አልወደደም። «በሥራ ላይ አንቱታ ጊዜ ይበላል። አንተ በይኝ፣ ስትሳሳቺ ለመቆጣትም ይቀለኛል» አለ። የማይወደው ሌላው ነገር የእኔን ዕብራይስጥ ነው። አንድ ነገር አስረድቶኝ ሲያበቃ እሺ ለማለት «ቤሴዴር፣ ጋሼ» ስለው፣ «ቤሴዴርሽን እዚያ አስቀምጪውና የገባሽን ንገሪኝ» ይለኛል። ብዙ ጊዜ የገባኝ ነገር አልነበረም። ያን ጊዜ ከመጀመሪያው ይጀምርልኛል፤ ሲደግመው ድምፁ አይለወጥም።

እናቱን እናና ነው የሚላት። አውሮፕላኖቹ በመጡበት ሳምንት እናና ለወንድሟ ተዝካር ጎንደር ሄዳ ነበር። ጉዞው ሁሉ ሁለት ቀን አልሞላም። እሱ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ሲሳፈር እሷ ወደ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ነበረች፤ ስትደርስ ቤቱን ባዶ አገኘችው። ከዚያ ወዲህ ከአንዲት ዘመድ ጋር ኪራይ ቤት ተቀምጣ ትጠብቃለች። ይህን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ግን ምሳውን ሲበላ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለይቶ ከሳህኑ ጥግ ያስቀምጥና ሳይበላው ይነሣል። ሲያደርገው የሚያውቅም አይመስለኝም ነበር።

ያን ማሽን ጋሼ አያምነውም። ፕሮግራሙን ራሱ ፓስካል በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ጽፎት ራሱ አያምነውም። ዝርዝር ከማተሚያው ሲወጣ እኔ ሰዎቹ በእጃቸው የሞሉትን ቅጽ፣ ቶፌሱን፣ ይዤ እቀመጣለሁ፣ እሱ የታተመውን ወረቀት ይይዛል። እኔ ከቶፌሱ ስም እጠራለሁ፤ እሱ ወረቀቱ ላይ ፈልጎ ለወንድ «አለ»፣ ለሴት «አለች» ይላል፤ በእርሳስ ከጎኑ ምልክት ያደርግና ወደሚቀጥለው እናልፋለን። አንድ ቀን ሙሉ እንዲህ ስንባባል የሰማች የጫማ ቤቷ ባለቤት ጸሎት እናደርስ መስሏት ቀስ ብላ በሩን ዘግታልን ወርዳለች።

የመጀመሪያውን ትልቅ ዝርዝር ያተምነው ፔሳኽ፣ የፋሲካ በዓል፣ ሊገባ ሲል ባለው ሳምንት ነው። ዓርብ ቀትር ላይ ኢየሩሳሌም የሚወስደው ሰው ይመጣል። ሰኞ ማንበብ ጀመርን።

«ቸኮል አዱኛ» አልኩ።

ጣቱን በወረቀቱ ላይ ወደ ታች አወረደ፣ ወደ ላይ መለሰ። «የለም።»

«እኔው ራሴ ነኝ ያስገባሁት፣ ጋሼ።»

«አስገብተሻል። የለም። ቀጥዪ።»

ጥቂት ቆይቶ ጫኔ የሚባል ሰው ጠፋ። ከዚያ እጅጉ። ከዚያ ቻላቸው። አራተኛው ላይ እርሳሱን አስቀመጠና «እስቲ የጠፉትን ብቻ ተራ በተራ ጥሪልኝ» አለ። ጠራሁ። ትከሻው እስኪነቃነቅ ያለ ድምፅ ሳቀ።

ዕብራይስጥ ች፣ ጅ፣ ጭ የሚሉ ድምፆች የሉትም። የእኛን ስም ለመጻፍ ቅርብ የሆነው ፊደል ይወሰድና ከጎኑ አንዲት ትንሽ ጭረት ትደረግለታለች። የእኛ ሰው ደግሞ ቸኮል፣ ቻላቸው፣ ጫኔ ነው፤ ግማሹ ያለዚያች ጭረት አይጻፍም። ፕሮግራሙ ውስጥ እያንዳንዱ ስም የሚቀመጠው በሁለት ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ መሃል ነው። ማሽኑ ስም ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ የሚያውቀው በእነሱ ነው። ትእምርተ ጥቅሱና የእኛ ጭረት ግን አንድ ቁልፍ ናቸው፤ ማሽኑ አይለያቸውም።

ጋሼ ከኪሱ ክብሪት አወጣ። ቁራጭ ወረቀት ላይ ቸኮል ብሎ በዕብራይስጥ ጻፈ፣ ከስሙ በፊት አንድ እንጨት፣ ከስሙ በኋላ አንድ እንጨት አጋደመ። «ይኸው፣ እዚህ ይጀምራል፣ እዚህ ያልቃል።» ከዚያ ሦስተኛ እንጨት ጭረቷ ላይ አኖረ። «አሁን ስሙ የት አለቀ?»

«እዚህ፣ መሃሉ ላይ።»

«አየሽ፣ አንቺም እንደ ማሽኑ ነሽ። ስሙ አልቋል ብሎ ያምናል፤ የቀረውን ሲያየው ትርጉም የለሽ ይሆንበታል፤ ይጥለዋል። ያልገባህን መስመር ዝለል ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ፣ ማተሚያው መሃል መንገድ ላይ እንዳይቆምብኝ ብዬ።» አራተኛ እንጨት አወጣና ከሦስተኛው ጎን አስጠግቶ አጋደመ። «ሁለት አብረው ሲያይ ግን፣ ይህ ማለቂያ አይደለም፣ የስሙ አካል ነው ይላል። ስምምነቱ ይህ ነው። በስም መሃል የምትገባውን ጭረት ሁለት ጊዜ ትመቻታለሽ፤ እሱ አንዷን ብቻ ያትማታል።»

«ለምን ጭረቷን አንተዋትም?» አልኩ። «ያለሷ እንጻፈው፤ ማን ያየናል?»

ቀና ብሎ አየኝ። «በር ላይ ቆሞ ስሙን የሚጠብቅ ሰው በሌላ ስም ቢጠሩት ዞር አይልም። ማሽኑ ይማር እንጂ ሰው ስሙን አይቀይርም።» ከዚያ ለዘብ አለ። «ስታስገቢ ራሱ እንዲደግማት አድርጌ መጻፍ ነበረብኝ። የእኔ ስንፍና ነው። ከበዓሉ በኋላ አርመዋለሁ፤ ለዚህ ሳምንት በእጅሽ ድገሚያት።»

«ቤሴዴር።»

«ቤሴዴርሽን አስቀምጪውና...»

«ስም መሃል ላይ ሁለት ጊዜ እመታታለሁ። ስናነብ የጎደለውን ሁሉ አስተካክላለሁ።»

«ጎሽ» አለኝ። ከጋሼ አፍ ጎሽ የሚባል ነገር በወር አንድ ጊዜ ነው የሚወጣው።

እስከ ዓርብ እንደዚያ ሠራን፤ እናነባለን፣ የጎደለውን አስተካክላለሁ፣ ገጹን እንደገና እናትማለን። ዓርብ ረፋዱ ላይ የቀረችው አንዲት ገጽ ናት። ቶፌሶቹን ይዤ እስኪቀመጥ ጠበቅሁት፤ አልተቀመጠም። ወረቀቱንም ጨመረልኝ።

«ይችን ብቻሽን አንብቢያት። የእኔ ሰው አለችበት። የገዛ ዘመዴ ያለበት ወረቀት ላይ እጄን አላሳርፍም፤ ነገ አንዱ ተነሥቶ ታረቀኝ የእናቱን ስም ወደ ላይ አወጣ እንዲል አልፈልግም።»

ይህን ካለ በኋላ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ጀርባውን ሰጠኝ። ገበያው ሰንበት ሳይገባ ለመጨረስ ይጯጯሃል። ታች፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ፣ ከጦር ሠፈር ለሁለት ቀን የተለቀቀ ልጅ ቆሞ ይጠብቀኛል። ዛሬ ባለቤቴ ነው። ሁለት ስሞች አነበብኩ፣ ምልክት አደረግሁ። ሦስተኛው ላይ በመስኮት ወደ ታች አየሁ። ከዚያ ገጹን ከላይ እስከ ታች በዓይኔ ሄድኩበት። ሞልቶ የታተመ፣ ንጹሕ ገጽ ነበር።

«ጨርሻለሁ፣ ጋሼ።»

«ሁሉም አለ?» ፊቱን አላዞረም።

«ሁሉም አለ። ሻባት ሻሎም።»

እናና የምትባለው ሴት ስሟ አበጁ መሆኑን ልብ አላልኩም ነበር። ቶፌሷን ያስገባሁት ራሴ ብሆንም፣ ለእኔ ከመቶዎቹ አንዷ ነበረች። ጅን ስጽፍ ጭረቷን አንድ ጊዜ ነው የመታኋት።

ጋሼ እንዳለውም ከበዓሉ በኋላ ፕሮግራሙን አረመው። ከዚያ በኋላ ጭረቷን ማንም ሁለት ጊዜ መምታት አላስፈለገውም። ክረምቱ ሲገባ አዲስ አበባ ሰዎች እየተጠሩ ነው የሚል ወሬ መጣ፤ ቢሮው በደስታ ተሞላ፣ ሰው እየመጣ ጋሼን ይስመዋል። አንድ ቀን ጠዋት ከእናቱ ጋር በስልክ ተነጋግሮ መጣ፤ እሷ አልተጠራችም። ሰዓቱን ፈታ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ የዝርዝሩን ቅጂ ከመሳቢያ አወጣ። የመጨረሻዋን ገጽ ሲያገኝ ጣቱ ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ላይ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ። ቶፌሷን ፈልጎ ከጎኑ አኖረ።

ከዚያ ዳሩን አየ። በሌሎቹ ገጾች ላይ ከእያንዳንዱ ስም ጎን የእርሳስ ምልክት አለ። በዚያች ገጽ ላይ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው። ለብዙ ደቂቃ ተመለከታት፤ እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጫለሁ።

«ፕሮግራሙን በጊዜው ማረም ነበረብኝ» አለ።

ይኸው ነው ያለው። ከጥቂት ቀን በኋላ ብርታት አግኝቼ «ጋሼ፣ ያን ዓርብ...» ስል ሳያስጨርሰኝ «ሥራሽን ሥሪ፣ ገኒ» አለኝ። ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛው ዝርዝር የሚሄደው በበጋው ማብቂያ ስለነበር እሱን መጠበቅ ነው። ጋሼ ጠበቀ። ለእናና አልጋ ገዛ፣ ባለ ሁለት ክፍሉ ቤታቸው ውስጥ ልጆቹን አጠጋግቶ ቦታ አበጀላት። ሐኪም ቤት ወረፋ ይዞላታል፤ በስልክ ስታናግረው ያስላታል።

ዝርዝሩ ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ቢሮው ስልክ ጮኸ። ጋሼ ፖስታ ቤት ሄዷል። እማማ አበጁ የተጠጉባት ዘመድ ነበረች የምታናግረኝ። ማን እንደሆንኩ ጠየቀች፤ ነገርኳት። «እንግዲያው አንቺ ስሚ፣ ለእሱ እንዳትነግሪው። እማማ ዛሬ ጠዋት ዐርፈዋል። ለሽማግሌ ንገሪና በወጉ ያርዱት» አለችኝ።

ታላላቆቻችን ዘንድ ሄጄ ነገርኩ። የሞት ወሬ እንዲህ በስልክ ተነግሮ ሰው ብቻውን አይጣልም፤ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ቤቱ ሄዶ ነው የሚረዳው። ነገ ዓርብ ነው፣ ማታ ሰንበት ይገባል፣ በሰንበት አይለቀስም። «እሑድ ማለዳ እንነግረዋለን» አሉኝ አንዱ ሽማግሌ። «እስከዚያ ሰንበቱን በሰላም ይዋል። አንቺም ልጄ፣ ፊትሽን ጠብቂ።»

ዓርብ ጠዋት ስገባ ጋሼ ቀድሞኝ ደርሷል። አዲስ ከረባት አስሯል። የመጨረሻዋ ገጽ ታትማ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች።

«ዛሬ ሕጌን አፈርሳለሁ» አለኝ። «ይችን ገጽ አብረን ነው የምናነባት። ይሉኝ የፈለጉትን ይበሉኝ።»

«ብቻዬን ላንብባት፣ ጋሼ። ሳላጓድል አነባታለሁ፣ ማልኩልህ።»

«ታነቢያለሽ፣ አውቃለሁ። ግን በጆሮዬ ልስማው።»

ተቀመጥኩ። ቶፌሶቹን ያዝኩ። አንድ ስም፣ «አለ»። ሌላ ስም፣ «አለች»። ስድስተኛዋ እሷ ነበረች።

«አበጁ ቢያድግልኝ።»

ጣቱ ቀድሞ ደርሶባታል። «አለች» አለ። ምልክቱን ግን ወዲያው አላደረገም፤ ስሟን እያየ ፈገግ አለ። ጋሼ ፈገግ ሲል ሁለተኛው ጥርሱ የተሸረፈ መሆኑን ያን ቀን ነው ያየሁት።

«እስቲ አንድ ጊዜ ድገሚልኝ።»

«አበጁ ቢያድግልኝ» አልኩ።

«አለች።»

ምልክት አደረገባት። የቀሩትን አነበብን። ዝርዝሩን የሚወስደው ሰው መጣ፣ ወሰደ። ጋሼ ሰዓቱን አሰረና «ሻባት ሻሎም፣ ገኒ» ብሎኝ ገበያ ወረደ፤ ከመስኮቱ ሳየው ሐብሐብ እያንኳኳ ይመርጣል። ያን ቀን ቤቴ ሄጄ ተኛሁ። አላለቀስኩም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በእሱ ጉዳይ ሆዴ ዘንድ የሚደርስ ነገር የለም፤ እንደ ደነዘዘ እጅ ነው፣ ብትቆነጥጠው አይሰማም።

እሑድ ማለዳ ሽማግሌዎቹ አረዱት። እኔም አብሬ ሄድኩ። አልጮኸም። ከረባቱን ለማሰር ይዞት ነበር፤ እንደያዘው መሬት ላይ ተቀመጠ።

ለልቅሶው ወንድሙ ከሰሜን መጣ። ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። እኔ የሻይ ብርጭቆ ተሸክሜ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። ወንድሙ ሁሉም እየሰማ «የሰው እናት ስትመዘግብ ከርመህ የራስህን ጣልክ» አለው። «በመጀመሪያው ዝርዝር ብትገባ ዛሬ እዚህ ነበረች። እንዴት ነው የእናትህ ስም የሚጠፋው?»

ጋሼ ቀና ብሎ ሲያይ ዓይኑ እኔን አልፎ ሄደ፤ አልቆመብኝም።

«ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ።

ሐሰት አልተናገረም። እኔም በዚያ እውነት ተጠልዬ ኖርኩ። ወንድሙ እንደወጣ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ እግሩ ያን ቤት አልረገጠም።

ጋሼ ከሺቫው፣ ከሰባቱ ቀን ልቅሶ በኋላ፣ ሥራ ገባ፣ ሰዓቱን ፈታ፣ ተቀመጠ። የሚያስተምረኝን ከቆመበት ቀጠለ። ከእኔ ጋር ከመሥራት አልተለየም፤ ሥራዬንም አላሳነሰብኝ። ማታ ማታ ትምህርት ቤት እንድገባ ማመልከቻዬን የጻፈልኝ እሱ ነው። ሠርጌ ላይ ጨፍሯል። ቢሮዋ ስትዘጋ እኔ በእሱ ትምህርት ቴል አቪቭ ሥራ አገኘሁ፤ እሱ ዕድሜው ገፍቷል ተብሎ የሚቀጥረው አጣና የፋብሪካ ጥበቃ ሆነ። በየበዓሉ እየሄድኩ እጠይቀው ነበር፤ በኋላ በሁለት ዓመት አንዴ፣ ከዚያም በስልክ ብቻ። ስለዚያ ዓርብ ተነጋግረን አናውቅም። እኔ አላነሣሁትም፤ እሱ ደግሞ ያን ጊዜ ዝጊው ያለኝን ነገር መልሶ የሚከፍት ሰው አልነበረም። አንድ ቀን እነግረዋለሁ እያልኩ ጸጉሬ ሸበተ።

ሽሎሺሙ ያለፈው እሑድ ነበር። ሰው ከሄደ በኋላ ሲጋል ወጥ ቤት ሳህን ስታጥብ እኔና ሚስቱ እትዬ ጥሩ ሳሎን ቀረን። እትዬ ጥሩ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። በሶፋው ጫፍ ተቀምጠው የጋሼን ከረባቶች አንድ በአንድ እያጠፉ ካርቶን ውስጥ ይከታሉ፤ ለማን እንደሚሰጧቸው ግን አያውቁም።

«ደህና አድርገሽ ተናገርሽለት» አሉኝ። «እንደዚያ ነበር፤ በሥራው መቀለድ አያውቅም ነበር።» አንዱን ከረባት ጭናቸው ላይ ዘረጉት። «አንድ ነገር ብቻ እስከ ዛሬ አልገባኝም። አንቺ አብረሽው ነበርሽ፣ ልጠይቅሽ። ለሰው ሁሉ ያን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው የእናና ስም እንዴት አመለጠው?»

ከወጥ ቤት የሳህን ድምፅ ይሰማል።

«እሱን አላመለጠውም፣ እትዬ። እኔን ነው ያመለጠኝ። ያችን ገጽ እንዳነብ ለእኔ ሰጥቶኝ ነበር። ሳላነብ አንብቤያለሁ አልኩት። ያወቀውም ያኔውኑ ነው።»

አላዩኝም። ከረባቱን አጥፈው ጨረሱ፣ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጡት፣ እጃቸውን ካርቶኑ ላይ አሳረፉ። እንዲጮኹብኝ ጠበቅሁ። ተነሺ ውጪ ቢሉኝ ለመውጣት ቦርሳዬን ይዣለሁ።

«እኔ ግን በተቆጣሁ ቁጥር ይህንኑ አነሣበት ነበር» አሉ። «ልጆቹ ቢያጠፉ፣ ቤቱ ቢጎድል፣ ምንም ይሁን ምን፣ የገዛ እናቱን የጣለ እለዋለሁ። አንድ ቀን መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም። ሰዓቱን ያስርና ይወጣል። እኔ ጥፋቱን ስለሚያውቅ ነው እል ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ ጥሩ» አልኩ።

«እኔ ለአንቺ ቂም የለኝም፤ ልጅ ነበርሽ» አሉ። ሌላ ከረባት አነሡ፣ መልሰው አኖሩት። «እሱ እያለ ነግረሽኝ ቢሆን ግን፣ ይቅርታ እጠይቀው ነበር።»